የልጅ ልጅ እየጠበቁ ለምርጫ መቀስቀስ፦ አሌክሳንድሪያ ላለሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከልጅሽ ጋር ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ እንደምትኖሪ፣ ትልቁ የልጅ ልጅሽ አንደኛ ክፍል እንደገባ፣ ትንሿ ሦስት ዓመቷ እንደሆነ፣ ለዘንድሮው ምርጫ በአንድ እጩ የቅስቀሳ ቢሮ በነፃ ለማገልገል ስምሽን እንዳስመዘገብሽ ጽፈሻል። ልጅሽ ደግሞ «ልጆቹንስ ማን ያያል?» ብላ ቅር ብሏታል። ተዪው የሚሉሽን አትስሚ፣ ይቻላል። ግን ሁለቱን በአንድ ሰዓት ላይ አትደራርቢ፤ ሰው የሚቃጠለው እዚያ ላይ ነው። ልጅሽ እንደ እኔዋ ልጅ ሆስፒታል የሌሊት ሥራ የምትገባ እንደሆነች ገምቼ ነው የምጽፍልሽ። ሰዓቱንና ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ ምክንያቱን ሦስተኛው ላይ ታገኚዋለሽ።

1. ቢሮው ከመሄድሽ በፊት ከልጅሽ ጋር ቁጭ በዪ። ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ የወረቀት ካላንደር ግዢ፣ በስልክ የተያዘውን ማንም አያየውም። መጀመሪያ የእሷን የሥራ ሌሊቶች ትጻፍ፣ ቀጥሎ የባሏን፣ በተረፈው ላይ ያንቺን ጻፊ። በ2026 የሚጋጩት ቀናት ከወዲሁ ይታወቃሉ። ቀድሞ መምረጥ፣ ማለት ከምርጫው ዕለት በፊት ድምፅ መስጠት፣ የሚጀመረው ዓርብ ሴፕቴምበር 18 ነው፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ። ቅዳሜ ሴፕቴምበር 26 ደመራ ነው፣ እሑድ መስቀል። ቅዳሜ ኦክቶበር 31 ቀድሞ መምረጥ ከሰዓት በ5 ስለሚዘጋ ቢሮው ያለውን ሰው ሁሉ ይጠራል፤ ያው ማታ ደግሞ ልጆች በየበሩ ከረሜላ የሚለምኑበት ሃሎዊን ነው፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ እጁን የሚይዘው ሰው ይፈልጋል። በማግስቱ ኖቬምበር 1 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ 5 ሰዓት ካለፈ ውጭው ጨለማ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ማክሰኞ ኖቬምበር 3፣ የምርጫው ዕለት ነው። ትምህርት ቤቶች ምርጫ ጣቢያ ስለሚሆኑ በዚህ አካባቢ ብዙ ተማሪ ያን ቀን ቤት ይውላል። ሆስፒታል ግን አይዘጋም። ቢሮው «ሙሉ ቀን እንፈልግሻለን» ይልሻል፣ ልጅሽም ሙሉ ቀን ትፈልግሻለች፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ይህን ሳያጣሩ ለሁለቱም እሺ ያሉ አያቶች ጠዋት በ6 ሰዓት በስልክ ሲለቃቀሱ አይቻለሁ። የትምህርት ቤቱን ካላንደር አሁኑኑ ተመልከቺና ለቢሮው አንድ የሦስት ሰዓት ሽፍት ብቻ ስጪ፣ ለምሳሌ ከ4 እስከ 7። ጎረቤት ሌላ አያት ካለች ደግሞ ተቀያየሩ፦ ጠዋት እሷ ትውጣ፣ ልጆቹ ሁሉ አንቺ ጋ ይዋሉ፣ ከሰዓት አንቺ ትወጫለሽ። ይህን ከኦገስት በፊት ተነጋገሩበት። ኦክቶበር ላይ ሁሉም ተይዟል።

2. አንድ ዓይነት ሥራ ያዢ። በር ማንኳኳት ከመረጥሽ፣ ቢሮው የሚሰጥሽ አንድ የቤቶች ዝርዝር ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 በር ነው፤ ከገለጻው እስከ መመለሻው ሦስት ሰዓት ይበላል። ሽፍቱ በ10፣ በ1 እና በ4 ሰዓት ይጀምራል። የ10ሩ ልጅሽ ከሌሊት ሥራ ገብታ የምትተኛበት ስለሆነ አይሆንሽም፣ የቅዳሜውን የ1 ሰዓት ያዢ። ታውንሃውስ በር ላይ ሁሉ ደረጃ አለ፣ በ50 በር ጉልበት ያልቃል፤ ስለዚህ «ሊፍት ያለው አፓርትመንት ወይም ሜዳ ላይ ያሉ ቤቶች ስጡኝ» በዪ፣ ይሰጡሻል። አፓርትመንቱ ተቆልፎ ቢሆን ማን እንደሚያስገባሽ ሳትነሺ ጠይቂ። ወረቀቱን ፖስታ ሳጥን ውስጥ አትክተቺ፣ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል፤ በሩ እጀታ ላይ ሰክተሽ እለፊ። አብዛኛው በር አይከፈትም፣ የበሩን ካሜራ እያየሽ ስምሽንና የመጣሽበትን በአጭሩ ተናገሪ፣ ቤተሰቡ ማታ ያየዋል። ቢሮው ውስጥ ያለው ምግብ ፒዛ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ወይም በጽጌ የምትጾሚ ከሆነ ቆሎሽንና ሽሮሽን ይዘሽ ሂጂ።

ስልክ መደወል ይሻላል የሚሉሽ ቤት ስለምትሆኚ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። በኮምፒውተር የሚደወለው አንዱን ሰው ስትጨርሺ ሌላውን ራሱ ያገናኝሻል፣ ትንሿ ብታለቅስ መሃል ላይ ማቋረጥ ይቸግርሻል። «ስትተኛ እደውላለሁ» ብለሽ አትገቢ፣ የሦስት ዓመት ልጅ እንቅልፍ ቀጠሮ አያከብርም። በእጅ የሚደወል የ30 ሰው የአማርኛ ተናጋሪዎች ዝርዝር ጠይቂ። በፈለግሽ ሰዓት ታቆሚያለሽ፣ ያንቺም ድምፅ የሚሰማው እዚያ ነው።

3. ትርጉም። አማርኛ እንደምታውቂ ካወቁ ይህ ሥራ መምጣቱ አይቀርም፣ ስለዚህ በደንብ ልንገርሽ። ሌላ ቋንቋ የሚናገር መራጭ በብዛት ባለበት ቦታ የምርጫ ወረቀት በዚያ ቋንቋ ይዘጋጅ የሚለው የፌዴራል ሕግ ስፓኒሽን፣ የእስያን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችንና የአላስካን ቋንቋዎች ነው የሚሸፍነው። የአፍሪካ ቋንቋ አይጠራም፣ ብንበዛም አይጠራም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የመንግሥት ወረቀቶችን በአማርኛ ታወጣለች፤ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረሽ ቨርጂኒያ ስትገቢ ግን ያ ሕግ የለም። ስለዚህ ክፍተቱን የምትሞላው በነፃ የምትሠራ አያት ነች። ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው፣ እኔም እኮራበታለሁ። የሚያናድደው አሠራሩ ነው። ወረቀቱን በማሽን ያስተረጉሙና ማታ በ10 ሰዓት «አንዴ ብቻ እይልን፣ ጠዋት ይታተማል» ብለው ይልኩልሻል። የሌላውን ቋንቋ በሚከፈለው ባለሙያ ያሠሩና የኛን ለልጅ ገላ አጥባ ለደከመች ሴት ይሰጣሉ። ለሚከፈለው ሰው እንዲህ ያለ መልእክት አይልኩም።

ስህተቱ የሚያልፈውም ያኔ ነው። እንግሊዝኛው ምርጫ ጣቢያው ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 7 ክፍት ነው ይላል። ማሽኑ «ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት» ብሎ አወጣው። ይህን አዲስ የመጡ አባት ሲያነቡት ከቀትር ጀምሮ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ደክሞሽ፣ ልጅቷ ጭንሽ ላይ ተኝታ ስታነቢው ዓይንሽ ቁጥሩን ትክክል ነው ብሎ ያልፋል፣ 6ም 7ም አለና። እንዲህ ሆኖ የታተመ ወረቀት በየሬስቶራንቱ ተበትኖ አንድ ባንድ እየተለቀመ ተጥሏል። «ከጠዋቱ 12 ሰዓት» ብቻ ብትዪም አይበቃም፣ እዚህ 20 ዓመት የኖረው ቀትር ይመስለዋል። ሁለቱንም ጻፊ፦ «በሀገር ቤት አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፤ በስልካችሁ ከጠዋት 6:00 እስከ ምሽት 7:00»። ወሩንም እንዲሁ። ኖቬምበር 3 «ኅዳር 3» ተብሎ ከወጣ ምርጫው ካለቀ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ይሆናል፤ ትክክለኛው ጥቅምት 24 ነው። የእጩውን ስም በአማርኛ ከጻፍሽ አጠገቡ በእንግሊዝኛ ፊደልም ይኑር፣ መራጩ በሚይዘው ወረቀት ላይ አማርኛ የለምና። ማተሚያ ቤት የግዕዝ ፊደል ከሌለው ጽሑፉ ባዶ አራት ማዕዘን እየሆነ ስለሚወጣ፣ የታተመውን የመጀመሪያ ቅጂ ፎቶ አንስተው ሳይልኩልሽ «ይሁን» አትበዪ።

ለቢሮው የምትሰጪው ደንብ ይህ ነው፦ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩልኝ፣ ከእራት በኋላ አላነብም። ትልቁ ትምህርት ቤት፣ ትንሿ ከአባቷ ጋር ያለችበትን አንድ ጠዋት ለዚህ ብቻ አድርጊው። በመጀመሪያው ሳምንት በጽሑፍ ላኪላቸው። ቅር የሚለው አስተባባሪ ይኖራል፣ ሌላ አማርኛ አንባቢ ስለሌለው ግን ይስማማል።

ግሪን ካርድ ላይ ካለሽ ይህን ከሁሉ አስበልጠሽ ያዢው። በነፃ መቀስቀስ ይፈቀድልሻል፣ ገንዘብ መስጠትም ይፈቀድልሻል። የመራጭነት ምዝገባ ቅጽ ላይ ግን እንዳትፈርሚ፣ የቢሮ ልጅ በቅንነት «ሁላችሁም ተመዝገቡ» ብሎ ቢያድልም፣ መንጃ ፈቃድ ስታወጪ ቢጠይቁሽም። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ዜግነትን ሊያስቀር፣ ከአገር ሊያስወጣም ይችላል። «ዜጋ አይደለሁም» ማለት አያሳፍርም።

ትልቁን ልጅ ይዘሽ መሄድ ከፈለግሽ ወላጆቹን አስፈቅጂ፣ ፎቶውን ለቅስቀሳው እንዳይለጥፉም ለቢሮው ንገሪ። በሌላ ሰው መኪና አትጫኑ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ የልጅ መቀመጫ ግዴታው ነው፣ የበጎ ፈቃደኛው መኪና ደግሞ የለውም። ከአንድ ሰዓት በላይ አታቆዪው።

አማችሽ የሌላው ፓርቲ ደጋፊ ከሆነ በእሱ ቤት ሣር ላይ የእጩሽን ስም የያዘ ምልክት አትትከዪ፣ ስለ ምርጫም በእራት ገበታ አታንሺ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም ወረቀት አታድዪ፤ ከግብር ነፃ የሆነ ተቋም ስለሆነ ጣጣው ለሰበካ ጉባኤው ይተርፋል።

በምርጫው ዕለት ከጣቢያው መግቢያ 40 ጫማ፣ ማለት 12 ሜትር ያህል ርቀሽ ቁሚ። እንግሊዝኛ የማታነብ ጎረቤት «አብረሽኝ ግቢ» ካለችሽ የረዳት ፎርም ሞልተሽ መግባት ትችያለሽ፣ ግን የእጩውን ካናቴራ ቀይረሽ፣ የምትለውን ብቻ እያነበብሽላት። ምሽት 7 ሰዓት ላይ ሰልፍ ውስጥ ያለ ሰው ይመርጣልና እንዳትወጣ ንገሪያት። ልጅሽ በስንት ሰዓት ሥራ እንደምትገባ ጻፊልኝ፣ የኖቬምበር 3ን ሽፍት አብረን እናስተካክለዋለን።