መጨረሻው የሚያምር ፍቅር፦ ስለ ፍቅር ልብወለድ ንባብ ጥያቄና መልስ

የንባብ ቡድናችን አባላት በዚህ ወር ስለ ፍቅር ልብወለድ፣ በተለይ ዛሬ ስለሚጻፈውና ወጣቶች ስለሚወዱት፣ የፈለጋችሁትን እንድትጠይቁኝ ብዬ ነበር። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። «ዓ.ም.» ያልኩበት የእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሌላው የፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ ፍቅር ያለበት መጽሐፍ ሁሉ የፍቅር ልብወለድ ይባላል? ፍቅር የሌለበት መጽሐፍ እኮ የለም።

አይባልም። በእንግሊዝኛው የመጽሐፍ ገበያ ሮማንስ ከተባለ አንባቢው ሁለት ነገር ይጠብቃል። የታሪኩ አከርካሪ ፍቅሩ ራሱ መሆን አለበት፤ ፍቅሩ ሲወጣ ታሪኩ ይፈርሳል። መጨረሻው ደግሞ ልብ የሚያሳርፍ መሆን አለበት። የግድ ይጋቡ ማለት አይደለም፤ አንባቢው አብረው እንደሚቀጥሉ አምኖ መጽሐፉን ይዘጋል። በ1980 የተቋቋመው የአሜሪካ ሮማንስ ጸሐፊዎች ማኅበርም ዘርፉን የገለጸው በእነዚሁ ሁለት ነጥቦች ነው። የስለላ ታሪክ ውስጥ ሰላዩ በፍቅር ቢወድቅ መጽሐፉ ያው የስለላ ነው።

ጥያቄ፦ መጨረሻው አስቀድሞ ከታወቀ ታዲያ ምኑ ይነበባል?

ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ይህንን ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ሰርግ ቤት ሙሽራው ሙሽሪትን ይዟት እንደሚሄድ የማያውቅ ሰው የለም። ስንብቱ ሲደርስ ግን እናቶች ያለቅሳሉ፤ ማወቃቸው ከማልቀስ አያግዳቸውም። የፍቅር ልብወለድም የሚነበበው ለመንገዱ ነው።

ጄን ኦስተን በ1813 ያሳተመችውን «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» እንውሰድ። መጽሐፉ 61 ምዕራፍ አለው። ባለጸጋው ዳርሲ ኤልሳቤጥን ለትዳር የሚጠይቃት በ34ኛው ነው፤ ያውም የቤተሰቧን ዝቅተኛነት እየዘረዘረ፣ እሷን መውደዱን እንደ ውለታ እየቆጠረ። እሷም እምቢ ትለዋለች። ከዚያ በኋላ 27 ምዕራፎች ይቀራሉ። መጋባታቸውን ማንም ይገምታል። እሱ በእምቢታው ተናድዶ ይቀር ይሆን ወይስ ራሱን ይመረምራል? እሷስ በወሬና በመጀመሪያ እይታ የፈረደችውን ፍርድ እንዴት ታነሳዋለች? ይህን ሳያነቡ ማወቅ አይቻልም። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ «በጠላትነት ጀምረው በፍቅር የሚጨርሱ» የሚባሉት መጻሕፍት ብዙዎቹ የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው፤ የሚሳካላቸው ግን ሁለቱም ሰዎች በእውነት የሚለወጡባቸው ብቻ ናቸው።

አንድ የማምንበትን ነገር ልጨምር፦ የሚያምር መጨረሻ መጻፍ ከአሳዛኝ መጨረሻ ይከብዳል። ሞት ለደራሲው ብዙ ጥያቄ ይዘጋለታል። አንዱ ከሞተ በማን ደመወዝ ሊኖሩ እንደነበር፣ እናቱ ምራቷን ትቀበል እንደነበር፣ ሲጣሉ ማን ቀድሞ ይቅርታ ይጠይቅ እንደነበር ማሳየት አያስፈልግም። አብረው ይኖራሉ ካለ ግን እንደሚችሉ ማሳመን አለበት።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከሆነ «ፍቅር እስከ መቃብር» የፍቅር ልብወለድ አይደለም ልትል ነው?

በገበያው መለኪያ አይደለም፤ ትራጀዲ ነው። ይህን ማለት ክብሩን አይቀንሰውም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ዒላማው የባላባቱ ሥርዓት ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በትውልዳቸው ሲኮሩ፣ ጉዱ ካሣ ያንን ሥርዓት ሲሞግት፣ ድሀው በዛብህና የፊታውራሪው ልጅ ሰብለ ወንጌል ሲዋደዱ፣ አንባቢው የግድግዳውን ውፍረት የሚለካው በፍቅራቸው ነው። ግድግዳው ስለማይፈርስ ሞቱ ምክንያት አለው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን ከማንበባችን በፊት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምተነዋል። ከከበደ ሚካኤል «ሮሚዮና ዡልየት» ጋር ተደምሮ እውነተኛ ፍቅር መቃብር ካልገባ ፍቅር የማይመስለን ሆነናል። ከዚያ ወዲህ ከተጻፉት ውስጥ ሞቱን ወርሰው ምክንያቱን የተዉ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ጥንዶቹን የሚለያቸው አንዳች የኑሮ እውነት የለም፤ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ መኪና ይገጫቸዋል። እንባችንን በነፃ መስጠት የለብንም።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ያንግ አደልት የሚባለውና የአዋቂዎቹ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ገጸ ባሕርያቱ ልጆች መሆናቸው ብቻ ነው?

ዕድሜው አንዱ መለያ ነው፤ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባቢዎች የታሰበ ነው፣ ገጸ ባሕርያቱም በዚያው ዕድሜ ናቸው። ይበልጥ የሚለየው ግን ተራኪው የቆመበት ቦታ ነው። አንድ የ40 ዓመት ሰው የ16 ዓመት ፍቅሩን ቢያስታውስ እየሳቀ ነው የሚያወራው። በወጣቶቹ ልብወለድ ግን ተራኪዋ ራሷ 16 ዓመቷ ነው፤ መልእክቷ ሳይመለስላት ያደረችበት ሌሊት ለእሷ ትንሽ ነገር አይደለም፣ መጽሐፉም አያሳንስባትም።

መጨረሻውም ነፃ ነው። የመጀመሪያ ፍቅር ሊያልቅ ይችላል፣ ታሪኩ ግን አይወድቅም። ጁዲ ብሉም የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ ልጇ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጠየቀቻት፦ ሁለት ጨዋ ወጣቶች ተዋድደው አብረው ቢያድሩ ለቅጣት የግድ የማይሞቱበት። በ1975 «ለዘላለም» የሚለውን ጻፈችላት። በመጨረሻ ልጆቹ ይለያያሉ፤ ማንም አይሞትም፣ ልጅቷም ኑሮዋን ትቀጥላለች። መጽሐፉ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲወጣ በአሜሪካ ለአሥርተ ዓመታት ሲሞገትበት ኖሯል። ከሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ጎን አስቀምጠህ ብታነበው ሁለት ዓለም ታያለህ።

ጥያቄ፦ 43 ዓመቴ ነው፤ የልጆቹን መጽሐፍ ነው የምወደው። አያሳፍርም?

ምንም አያሳፍርም። ቦውከር የተባለው የመጽሐፍ ገበያ አጥኚ በ2012 ባወጣው ጥናት ከወጣቶች መጽሐፍ ገዢዎች 55 በመቶው 18 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ ነበሩ። ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ስልኳ ላይ የምታነበው የፍቅር ታሪክ ብቻ ሆኗል። ልከልክላት ወይ?

እመቤቴ፣ ስልኩን ቢቀሟት ከጓደኛዋ ስልክ ታነባለች፤ እርስዎ ግን ምን እንደምታነብ ማወቅ ያቆማሉ። የምትወደውን አንዱን ያስነግሯት። «ልጁ ሲቆጣ እሷ ምን ትላለች? ጓደኞቿስ አሉ ወይ?» ብለው ይጠይቋት፤ በመልሷ ውስጥ ስለ ልጅዎ ብዙ ይሰማሉ።

በሽፋን ግን አይታለሉ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ለአዋቂ የተጻፉ፣ የመኝታ ቤቱን ነገር ሳይሸፍኑ የሚተርኩ መጻሕፍት በደማቅ ቀለም በተሳለ ሥዕል ይወጣሉ፤ ለልጅ የተዘጋጁ ይመስላሉ። የገጸ ባሕርያቱን ዕድሜ ይዩ። ተቀጣሪዎችና ባለትዳሮች ከሆኑ ለእሷ አይደለም። አሳታሚው ስለ አንባቢ ዕድሜ የጻፈው ካለም ያንብቡት።

ጥያቄ፦ ቀናተኛ፣ ስልኳን የሚፈትሽ፣ «የእኔ ብቻ ነሽ» የሚል ወንድ ያለበት ታሪክ ሳነብ ደስ ይለኛል። በእውነት ግን እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ እንዲደርስ አልፈልግም። ምን ሆኜ ነው?

ምንም አልሆንሽም እህቴ። መጽሐፍ ውስጥ ያለው ወንድ ስትፈልጊ የምትዘጊው ነው፤ አስፈሪነቱ በእጅሽ ነው። በአንቺ አልፈርድም። በመጽሐፉ ግን እፈርዳለሁ፣ የማየውም አንድ ቦታ ነው፦ እሷ እምቢ ስትል ምን ይሆናል?

ዳርሲ እምቢ ሲባል ወጥቶ ይሄዳል፤ በማግሥቱ ስለተከሰሰበት ነገር ደብዳቤ ሰጥቷት ይለያታል። ብዙ ቆይቶ ዳግም ሲጠይቃት ሐሳቧ ያው ከሆነ አንድ ቃል ብቻ እንድትለው፣ ከዚያ ነገሩን እንደማያነሳው ይነግራታል። ፍቅሩን ያመንኩለት ለዚህ ነው። እምቢታዋን እንደ ማሽኮርመም ቆጥሮ የሚገፋ፣ ደራሲውም የሚያጨበጭብለት ወንድ ያለበትን መጽሐፍ ግን ለማንም አልመክርም።

በእኛ አገር ይህ የንባብ ምርጫ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚድንበት በር ነበረው። ሕጉ ራሱ ጋብቻን እንደ መልካም መጨረሻ ቆጥሮት ነበር ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘግቶታል፤ አንቀጽ 587 ለጋብቻ የሚደረግ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። «ጠልፎ አገባት፣ በኋላ ግን ወደደችው» የሚል ታሪክ ዛሬም ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ። ሰርጉ የመጨረሻው ገጽ ላይ መኖሩ ብቻ ታሪኩን የፍቅር አያደርገውም።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም ክፍል በክፍል የሚለቀቁትስ? ንባብ ይባላሉ?

ይባላሉ። በ2006 የተጀመረው የካናዳው ዋትፓድም በዚህ መንገድ ብዙ ጸሐፊዎችን አውጥቷል። ድክመታቸው ከአለቃቀቁ ይመጣል። ቀጣዩ ክፍል «ላይክ ሲሞላ» ስለሚለቀቅ እያንዳንዱ ክፍል በድንጋጤ መቆም ይኖርበታል፤ ፍቅሩ ሳይበስል አደጋ፣ አደጋው ሳይበርድ ክህደት ይመጣል። 60 ክፍል አንብባችሁ ሁለቱ ሰዎች ስለ ምን እንደሚያወሩ ካላወቃችሁ ተዉት። ጥሩ የሚጽፉ ልጆችም ግን አሉ፣ ሳገኝ እደሰታለሁ።

ጥያቄ፦ ፒዲኤፉን የምትልክልኝ ነገር አለ?

የለም። የሕያው ደራሲ መጽሐፍ ተቃኝቶ በነፃ ሲዞር ቀጣዩ መጽሐፍ አይጻፍም። አቅም ካጠራችሁ ለአራት አዋጥታችሁ ግዙና ተዋዋሱ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ «ቁም ነገር አንብቢ» እያለ ያበሽቀኛል። ምን ልበለው?

የገጣሚውን የነቢይ መኮንንን ታሪክ ንገሪው። በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን የ1936 ልብወለድ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ከሲጋራ ፓኮ በሚወጣ ወረቀት ላይ እየጻፈ ተረጎመው፤ ወረቀቱም ተደብቆ ከእስር ቤት ወጣ። በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። መጽሐፉ ስለ ባርነት ያለው አመለካከት የማይታለፍ ነውር አለው፤ ያንን እያዩ ማንበብ ይገባል። ግን ነገ መኖሩን የማያውቅ እስረኛ፣ ወረቀት በሌለበት፣ ያን ያህል የደከመው አንዲት ሴትና የተሳሳተ ፍቅሯ ላለበት ታሪክ ነው። ወንድምሽ ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር ካለው ይንገረን።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው የምሠራው። እንግሊዝኛዬን ለማሻሻል ሮማንስ ይረዳኛል?

በጣም ይረዳል። ሚልስ ኤንድ ቡንና ሃርለኩዊን የሚያወጧቸው አጫጭሮቹ 50 ሺህ ቃል ገደማ ናቸው፤ ንግግር ይበዛባቸዋል፣ ሰው በየቀኑ የሚያወራውን ዓይነት እንግሊዝኛ። መንገዱን አስቀድመሽ ስለምታውቂው አንድ ቃል ቢያመልጥሽ ታሪኩ አያመልጥሽም። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት አትክፈቺ፤ በምዕራፍ የተደጋገሙትን ብቻ ጻፊ። ከሥራ ደክመሽ ስትመለሺ አሥር ገጽ ይበቃሻል።

ጥያቄ፦ እኔ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ በአማርኛ፣ መጨረሻው የሚያምር። ከየት ልጀምር?

እንደዚህ ያለ ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ከእንቅፋቱ ጀምር። ፊታውራሪ መሸሻ ዛሬ የሉም፤ በእነሱ ቦታ ምን ቆሟል? የቤት ኪራይ አለ። የዲቪ ዕጣ የደረሳትና ያልደረሰው አሉ። ሃይማኖታቸው የተለያየ፣ ወይም ቤተሰቦቻቸው በብሔር የተቀያየሙ አሉ። እሷ ቤይሩት እየሠራች፣ እሱ ደብረ ብርሃን ሆኖ በድምፅ መልእክት የሚዋደዱ አሉ። አንዱን ምረጥና በእውነት ከባድ አድርገው፤ በሎተሪ ወይም በሀብታም አጎት እንዳትፈታው። ከዚያ ሁለቱ ምን ምን እንደሚተዉ ወስን፣ እሷ ብቻ የምትተው ከሆነ እንደገና ወስን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ስትጨርስ ለቡድኑ አምጣቸው፤ እኔ አነባቸዋለሁ።