ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሰፈራችንን አረቄ ጨረሰው፣ እድራችን ምን ያድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምኖረው ወረዳ ከተማ ነው፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀምሮ እስከ ገበያው አረቄ ቤት ብቻ ሆኗል። የወንድሜ ልጅ 19 አመቱ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሶስት መለኪያ ካላለ እጁ ይንቀጠቀጣል። መጠጥ የሚያስጠላ ኪኒን አለ ይባላል እውነት ነው? እኔ የእድር ጸሐፊ ነኝ፣ እኛስ የምናደርገው ነገር ይኖራል?

መልስ፦ እህቴ ኪኒኑስ አለ፣ ግን ልጁ ታክሞ መጥቶ ገና ከበሩ ሳይርቅ "ና አንድ በል" የሚሉት ከሆነ ኪኒኑ ምን ያደርግለታል።

ከሁሉ በፊት ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ በአንዴ አቁም ተብሎ በር አይቆለፍበትም!! መቃዠትና እንደሚጥል በሽታ መንፈራገጥ ሊያመጣበት ይችላል፣ ሊገድለውም ይችላል። ጸበል እንወስደዋለን ካላችሁም ውሰዱት፣ ብቻ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ወደ ሰፈሩ ስንመጣ፣ የአለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ የሚለው ዋጋው ይወደድ፣ መሸጫው ይቀንስ፣ ማስታወቂያው ይቅር ነው። ስኮትላንድ በ2018 እ.ኤ.አ. ከዚህ በታች አይሸጥም የሚል የዋጋ ወለል አውጥታ በመጠጥ የሚሞተው ሰው ህጉ ባይኖር ይደርስ ከነበረው በ13 ፐርሰንት ገደማ እንዳነሰ ተገምቷል። እኛም ጋ አዋጅ 1112/2011 የቢራ ማስታወቂያን ከቲቪና ከሬዲዮ አስወጣ፣ ከ21 አመት በታች ላለ ሰው መሸጥም ከለከለ፣ የወንድምዎ ልጅ በህጉ እኮ ገና አልደረሰም። ችግሩ አረቄ ጓሮ ነው የሚወጣው፣ ታክስም ማስታወቂያም አያውቅም፣ ጉልበቱ ደግሞ ከቢራ ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ እዚህ ጋ ከፖሊስ ይልቅ እድር ይሻላል ባይ ነኝ። ሻጮቹ አብዛኞቹ ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው፣ የእድሩም አባል ናቸው፣ በግድ ብታዘጉባቸው ጓዳ ገብተው ይሸጣሉ። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ለትንሽ ልጅ አይቀዳም፣ ጠዋት አይከፈትም በሉ፣ ከእድሩ ካዝና ትንሽ ብድር ሰጥታችሁ ወደ ሻይ ቤት ወይ እንጀራ መሸጥ መዞር የምትፈልግ ካለች አግዟት። ለቅሶ ቤትም አረቄው ይቅር። ደግሞ የቀን ሰራተኞች ሂሳብ ቅዳሜ ማታ መጠጥ ቤት በር ላይ እየተከፈለ ከሆነ (ብዙ ቦታ አይቻለሁ) አሰሪዎቹን ለምናችሁ በስራ ቀን ጠዋት አስደርጉት፣ ይቺ ብቻ ስንት ቤት ታድናለች መሰላችሁ።

ስብሰባው ላይ ግን የልጁን ስም እንዳታነሱ፣ ካፈረ ጤና ጣቢያ አይመጣም።