አማኝ ሳትሆኚ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መማር፦ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ላላዩት ሰዎች ባጭሩ ልድገመው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነሽ። ጎንደር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን በምታስተዳድረው ትምህርት ቤት ትማሪያለሽ። እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም ለሚለው መልስሽ "አላውቅም" ነው። ክርስትናን ስትመረምሪው የማይዋጥልሽ ነገር በዝቶብሻል። ጠዋት ለጸሎት ስትቆሚ አስመሳይ የሆንሽ ይመስልሻል። አሁን ደግሞ ጸሎት የመምራት ተራ ደርሶሻል። "ልናገር ወይስ ዝም ልበል? ትምህርት ቤት ልቀይር? ለእናቴስ ምን ልበላት?" ነው ያልሽው።

እስካሁን የመለሱልሽን አየሁ። ግማሾቹ "ንስሐ ግቢ" ብለውሻል። ግማሾቹ "አትፍሪ፣ በአደባባይ ተናገሪ" ይላሉ። እነዚህኞቹ ጎንደር የሚኖሩ አይመስለኝም።

እኔም ያደግኩት እዚሁ ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት ነው የጀመርኩት። ፊደል፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። በኋላ የገባሁበት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ያለው፣ ኬሚስትሪ የሚያስተምር፣ ግን ቀኑን በጸሎት የሚጀምር ነበር። ስሙን ተዪው። ጥርጣሬው የመጣብኝ ዘጠነኛ ክፍል አካባቢ ነው፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አማኝ አይደለሁም። "የለም" ብዬ የምምልም አይደለሁም።

መጀመሪያ ስለ ጥያቄዎቹ። "የልጅነት ነው፣ ስታድጊ ትተዪዋለሽ" የሚሉሽን አትስሚ። ጥያቄዎቹ ከባድ ናቸው፣ ጎንደር ውስጥ ደግሞ በየደጃፉ ታገኚያቸዋለሽ።

የደብረ ብርሃን ሥላሴን ታሪክ ታውቂዋለሽ። በ1888 እ.ኤ.አ. ደርቡሾች (የሱዳን ማህዲስቶች) ጎንደርን ሲያቃጥሉ የንብ መንጋ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን አዳነ ይባላል። የሃይማኖት መምህራችን ይህን ሲነግሩን እጄን አወጣሁ። "ሌሎቹስ? አርባ አራት ታቦት አላት በምትባል ከተማ ንቦቹ ለአንዱ ብቻ ለምን መጡ? በተቃጠሉት ውስጥ የነበሩት ካህናት አልጸለዩም ነበር?" አልኩ። "የእግዚአብሔር ፈቃድ አይመረመርም" አሉኝና ወደ ቀጣዩ ርዕስ አለፉ። እኔ ግን አላለፍኩም። የዳነው ተአምር ከሆነ፣ የተቃጠለውም ፈቃድ ከሆነ፣ ምን ቢሆን ነው ታሪኩ ልክ አይደለም የሚባለው? ሁሉም ቢድን ያው ነው። ሁሉም ቢቃጠል ያው ነው። የመጣው ሁሉ የሚስማማው ማስረጃ ምንም አያስረዳም። እዚህ ላይ ዛሬም አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀስኩም። ንቦቹን ትተሽ የታመመ ሕፃንን፣ ድርቅን፣ ጦርነትን ብታስገቢበትም ጥያቄው አንድ ነው።

ሌላው የሴትነት ነገር ነው። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ስለገቡ ነው ተባልኩ። መጽሐፈ ኩፋሌ ላይ እንዲህ ተጽፏል፣ ዘሌዋውያን 12ም ወንድ የወለደችና ሴት የወለደች እናት የምትነጻበትን ቀን ይለያያል። ጥሩ፣ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ትክክል መሆኑ ግን አልገባኝም። የተወለደችው ሕፃን ምን አጥፍታ ነው እጥፍ የምትጠብቀው? በወር አበባችን ጊዜ ውጭ ቆመን የምናስቀድሰውስ? ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ሳቁ። ሴቶቹ ግን አልሳቁም፤ በእረፍት ሰዓት አንዷ መጥታ "እኔም እንደዛ አስብ ነበር" አለችኝ።

የዘመን ቆጠራውም አለ። ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩን ደስ ይለኝ ነበር፣ ቁጥር ስለምወድ። ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ የሚቆጠረው 5500 ዓመተ ፍዳ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ትደምሪያለሽ። ለምሳሌ 2017 ሲደመር 7517 ይመጣል። ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፣ ዘመነ ማቴዎስ ማለት ነው። ግሩም ስሌት ነው። ከሰዓት ደግሞ ባዮሎጂ ገብተን ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆናት እንማራለን። መምህሩ "ለፈተና ያዙት፣ ሌላውን ተዉት" አለን። የሚያናድደኝ ባሕረ ሐሳቡ አይደለም። የዘፍጥረትን ቀናት እንደ ረጅም ዘመን የሚያዩ ክርስቲያኖችም አሉ። የሚያናድደኝ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚያወያየን መጥፋቱ ነው። ጠዋት አንድ ዓለም፣ ከሰዓት ሌላ ዓለም፣ መሃሉ ላይ ዝምታ።

"መጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር ቃል ነው" ሲሉሽ ደግሞ የትኛው ብለሽ ጠይቂ። የእኛ 81 መጻሕፍት ነው። የካቶሊክ 73። የፕሮቴስታንት 66። መጽሐፈ ሔኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ከርሞ ሲመለስ ቅጂዎቹን ይዞ ሄደ። አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት መጽሐፉን አጥታው ነበር፤ ጸሎቷን ግን አላቋረጠችም። መምህራኑ ይህንን የሚነግሩን ለኩራት ነው። እኔም እኮራበታለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን ጥያቄ ይወልዳል። ጎንደር የተወለደ ሰው ቅዱስ ብሎ የሚስመውን መጽሐፍ ለንደን የተወለደው ክርስቲያን ከእነ ስሙም ላያውቀው ይችላል። ዝርዝሩን የሚወስነው የትውልድ ቦታ ከሆነ፣ እርግጠኝነቱ ከየት መጣ?

ፋሲል ግቢን ስታዪ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ታሪክ አስቢ። አጼ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆኖ ሕዝቡንም በግድ ሊያስገባ ሞከረ። በሺዎች አለቁ። በ1632 እ.ኤ.አ. የአባቶቻችሁ ሃይማኖት ይመለስላችሁ ብሎ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረረ፣ ጎንደርንም ዋና ከተማ አደረጋት። ሰላም መጣ እንዳትዪ፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ሲከራከሩ ቅባትና ተዋሕዶ ተባብለው እርስ በርስ መባላት ጀመሩ። በ1878 እ.ኤ.አ. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሲደረግ ክርክሩ በንጉሥ ትእዛዝ ተዘጋ፣ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። ተከራካሪዎቹ ክርስቲያኖች ሁሉ የሚጸልዩት ወደ አንድ ክርስቶስ ነበር። ሁሉም እርግጠኛ ነበር። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩትን ቤተ እስራኤላውያንም አትርሺ። ሸክላቸውን ገዝተን፣ ብረታችንን አሠርተን፣ "ቡዳ" ብለን የሸሸናቸው እኛው ጿሚዎቹ ነን።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ክርስትና ውሸት ነው ለማለት አይደለም። አላውቅም ብያለሁ። የዘረዘርኩት ጥያቄሽ መሠረት እንዳለው እንድታውቂ ነው።

አሁን ወደ አስመሳይነቱ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነውና። እኔን ያሳረፈኝ ሁለት ነገር መለየቴ ነው። አክብሮት አለ፣ ምስክርነት አለ። ሰው ሲጸልይ ዝም ብሎ መቆም አክብሮት ነው። ነጠላ መልበስ፣ በሁዳዴ በጓደኞችሽ ፊት ክትፎ አለማዘዝ፣ ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ወርዶ ከሰፈር ልጆች ጋር መጨፈር፣ ይህ ሁሉ "አምናለሁ" አያሰኝሽም። የከተማሽ ሰው ነሽ፣ በቃ። መቁረብ፣ ንስሐ መግባት፣ "በአንድ አምላክ እናምናለን" ብሎ ሰውን እየመሩ ማስባል ግን ምስክርነት ነው። እሱን ሳታምኚ አታድርጊው። ለአንቺ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ለሚያምኑትም ንቀት ነው። ደግነቱ በእኛ ቤተ ክርስቲያን በጉርምስናው የሚቆርብ ጥቂት ስለሆነ ባትቆርቢ ማንም ልብ አይልሽም። (ይህ ራሱ ስለ እኛ እምነት አንድ ነገር ይናገራል፣ ግን ይቅር።)

መናገሩን በተመለከተ፣ ክፍል ውስጥ ተነሥተሽ "እኔ አግኖስቲክ ነኝ" (አምላክ ይኑር አይኑር አላውቅም ባይ ነኝ ማለት ነው) አትበዪ። ጠይቂ እንጂ አታውጂ። ጥያቄ ተማሪ ያስብልሻል። አዋጅ ግን "መናፍቅ" ያሰኝሻል። እኔን አንዱ መምህር ሰልፍ ላይ በዚህ ስም ጠርተውኛል፣ ካርዴ ላይ የጠባይ ውጤቴ ወርዷል። ቲክቶክ ላይ ገብቶ መሳደብማ ጭራሽ አይታሰብ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በከተማችን ከአንድ ሼህ ቀብር ጋር ተያይዞ ስንት ሰው እንደሞተ ታስታውሻለሽ። እዚህ አገር ስለ ሃይማኖት በዋዛ የሚወረወር ቃል የት ሄዶ እንደሚያርፍ አይታወቅም።

ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው ያሉሽ ሰዎች ግማሹን ነው የነገሩሽ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። አንቀጽ 27 በእምነት ማንም አይገደድ ይላል። ግን ያው አንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው እንዲያሳድጉ ይፈቅዳል። እናትሽም መብት አላት ማለት ነው።

ትምህርት ቤት መቀየሩን እኔ አልመክርሽም። ሒሳቡና ፊዚክሱ ጥሩ ከሆነ ቆዪ። የሚደበድብሽ ወይም በአደባባይ የሚያዋርድሽ ካለ ግን ያኔ ውጪ፣ ለቤተሰብም ምክንያቱን ንገሪ። እስከዚያው ያለሽበትን ተጠቀሚበት። ጎንደር በአቋቋምና በመጻሕፍት ትርጓሜ ስሟ የተጠራ ከተማ ናት። ግዕዙን ተማሪ። ማቴዎስ 1 እና ሉቃስ 3 ላይ ያለውን የትውልድ ሐረግ ጎን ለጎን አንብቢ፤ የዮሴፍ አባት በአንዱ ያዕቆብ፣ በሌላው ኤሊ ነው። የይሁዳን አሟሟት ማቴዎስ 27 እና ሐዋርያት ሥራ 1 ላይ አነጻጽሪ። ከዚያ ሂጂና ትርጓሜ የተማረ መምህር ጠይቂ። አንዱ የሥጋ አባት ሌላው በኦሪት ሕግ አባት ነው ብሎ ያስረዳሻል። መልሱን ላትቀበዪው ትችያለሽ፣ እኔም አልተቀበልኩትም። ግን ሳትሰሚው አትናቂው። በዚያው ዓይንሽ የኢአማኒዎቹንም ቪዲዮ እዪ። "ኢየሱስ የሚባል ሰው ጭራሽ አልነበረም" የሚሉት አሉ፤ አብዛኞቹ የታሪክ ምሁራን፣ የማያምኑትን ጨምሮ፣ ሰውየው እንደነበረ ይስማማሉ።

እናትሽ ጋ ልምጣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የምትጠይቅሽ "ጴንጤ ሆነሽ ነው?" ብላ ነው። የእኔ እናት እንደዛ አለች። አይደለም ስላት እፎይ አለች፣ ከዚያ ነገሩ ሲገባት ደግሞ ከቅድሙ ባሰባት። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ጸበል ወሰደችኝ። ሄድኩ። በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር፣ እምነት ግን አልመጣም። ቀጥሎ የንስሐ አባታችን ተጠሩ። ሽማግሌ ናቸው። ትንሽ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ከዚያ ለእናቴ "ልጅቷን አታስጨንቂያት፣ ትጠይቅ" አሏት። መጨቃጨቁ በዚያው ቆመ። የእናትሽን ባሕርይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ብሆን ግን የምትኖሪው በእሷ ቤት፣ የምትማሪው በእሷ ብር እስከሆነ ድረስ ራሴ ጉዳዩን አላነሣም። በቀጥታ ከጠየቀችሽ ግን አትዋሺያት። "እየጠየቅኩ ነው፣ ገና አልጨረስኩም" በያት። ይህ እውነት ነው፣ እሷም ልትሸከመው ትችላለች። ስለ ሲኦል ያላትን ፍርሃት አታላግጪበት። አንቺን እሳት ውስጥ እያየች ነው የምታለቅሰው።

የቀረው ጸሎት የመምራቱ ተራ ነው። እሱን አትቀበዪ። ለክፍል ኃላፊው ብቻውን ሲሆን ሄደሽ "እኔ መምራት አይሆንልኝም፣ ሌላ ሥራ ስጡኝ" በይ። ለምን ካለሽ "ልቤ ሳይኖርበት ሰው ማስጸለይ ልክ አይመስለኝም" በይው። አማኝ ከሆነ ይህን መልስ ሊቃወመው ይከብደዋል። እኔ የሰልፍ ስም ጥሪ ነበር የተሰጠኝ። ፀሐይ ላይ ያስቆማል፣ ግን ማንም አይፈልገውም ስለዚህ ቶሎ ይሰጡሻል።