ጥያቄና መልስ ከእንስሳት ሐኪም ጋር፦ ውሻና ድመትን ከግቢ ትል፣ ከመዥገርና ከቁንጫ ስለመጠበቅ

ሰላም፣ እስከ ማታ 4 ሰዓት አለሁ። ስትጠይቁ የእንስሳውን ዕድሜና ኪሎ ጻፉ። «ውሻዬ አሞታል፣ ምን ልስጠው?» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም።

የቡችላዋ እናት፦ ዶክተር፣ የ5 ሳምንት ቡችላ አለችኝ፣ 2 ኪሎ ትሆናለች። ሆዷ ተነፍቷል። ትናንት ስታስመልስ ፓስታ የመሰለ ነጭ ትል ወጣ። ከግቢያችን ሣር ይሆን?

መልስ፦ ከእናቷ ነው። ወስፋት ነው፣ ማህፀን ውስጥ እያለች ነው የያዛት። መድኃኒቱን ከ2 ሳምንቷ ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ መውሰድ ነበረባት። ነገ በኪሎዋ አሰርተሽ ጀምሪላት፣ እናቷም አብራ ትውሰድ። ሣሩ ግን ከአሁን በኋላ ያሳስብሽ። ከሰገራዋ ጋር የወጣው እንቁላል ወዲያው አይጎዳም፤ አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው የሚበስለው፣ ከበሰለ ደግሞ ዓመታት ይቆያል። በየቀኑ አንሺ የምለው ለዚህ ነው እንጂ ለሽታው አይደለም።

ጎሮ ሰፈር፦ መዥገር ምን ይሻለዋል?

መልስ፦ ዕድሜ? ኪሎ?

ጎሮ ሰፈር፦ ይቅርታ። 2 ዓመት፣ 30 ኪሎ። በጣቴ እየነቀልኩ አፈነዳቸዋለሁ፣ በማግስቱ ሞልተው አገኛቸዋለሁ።

መልስ፦ አታፈንዳ። በወረንጦ ከቆዳው ሥር ያዝና ቀጥ አድርገህ ሳብ። የሚመለሱት ደግሞ ከራሱ ከውሻው ቤት ነው። ቡናማው የውሻ መዥገር ደም ከጠገበ ይወርድና ግድግዳ ይወጣል፣ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። አንዷ ሴት ብቻ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ማታ ባትሪ ይዘህ የውሻውን ቤት ጣሪያ ከውስጥ እየው። ቆርቆሮውና እንጨቱ የሚገናኙበት ላይ ምስር የተለጠፈ ይመስልሃል። ስንጥቁን ድፈን፣ ምንጣፉን አቃጥል፣ ቤቱንም ውሻውንም በአንድ ቀን አስረጭ። ውሻው ላይ ብቻ ከሠራህ ገንዘብህን ነው የምትደፋው።

አንጋፋው፦ ነጭ ጋዝ ቀቡት፣ ይለቃል። አባቴ ሌላ አያውቅም ነበር።

ሚሚዬ፦ እንዴ! ቆዳውን ያቃጥለዋል እኮ፣ ደግሞም ይልሰዋል።

አንጋፋው፦ የኛ ውሻ 14 ዓመት ኖሯል።

ልጅ አድዋ፦ እንዶድስ? ዶ/ር አክሊሉ ለማ ዓለምን ያስደነቁበት የኛው ሳሙና እያለ!

መልስ፦ ነጭ ጋዝ አይቀባም። ዶ/ር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ውሃ ዳር ያዩት የሞተ ቀንድ አውጣ ነው፣ የሞተ መዥገር አይደለም። ወደ ጉዳያችን።

ሚሚዬ፦ ለውሻው የገዛሁትን የቁንጫ ጠብታ ለድመቴ ባካፍላትስ? 3 ዓመት፣ 4 ኪሎ።

መልስ፦ አይሆንም። ፐርሜትሪን የሚባለው የተባይ መግደያ ካለበት ድመት ይገድላል።

ከሱሉልታ፦ ጎረቤቴ አይቨርሜክቲን የሚባለው የከብት የትልና የተባይ መርፌ አለው፣ ልውጋው ይላል። ቡችላው 5 ኪሎ ነው።

መልስ፦ አይወጋም። ያ መርፌ 1 ሚሊው ለ50 ኪሎ ከብት የተሠራ ነው። ለቡችላ ሲሆን የእጅ ስህተት ብቻ በቂ ነው። ኮሊ የሚባለው የበግ ጠባቂ ውሻ ዘር ያላቸው ላይማ የባሰ ነው።

ሰብለ፦ ለበዓል በጉን ግቢ ውስጥ ነው የምናርደው። ሆድ ዕቃውን ለውሻው ብንሰጠው ችግር አለው?

መልስ፦ ተባረኪ፣ በየበዓሉ የምጮኸው በዚህ ነው። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ነጣ ያለ፣ እንደ ዕንቁላል ያበጠ፣ ሲወጋ ጥርት ያለ ውሃ የሚፈናጠቅበት ከረጢት አይታችሁ አታውቁም? አራጁ ቆርጦ ለውሻው ይወረውርለታል። ውሃው ውስጥ አሸዋ የሚመስለው ነገር እያንዳንዱ ውሻው አንጀት ውስጥ ሄዶ ትል ይሆናል። ትሉ ርዝመቱ 1 ሳንቲም አይሞላም፣ ሰገራው ላይ አታዩትም። ውሻውም ደህና ይመስላል። ከ6 ወይም ከ7 ሳምንት በኋላ ግን እንቁላሉ ሣሩ ላይ ነው፣ ጎመኑ ላይ ነው፣ የውሻው ፀጉር ላይ ነው። ልጁ ውሻውን ያቅፋል፣ እጁን ሳይታጠብ ዳቦውን ይገምጣል። ከዚያ በጉ ላይ ያያችሁት ከረጢት ልጁ ጉበት ላይ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል፣ ብዙ ጊዜም በኦፕራሲዮን ነው የሚወጣው።

ስለዚህ በጥሬው አትስጡ። ከረጢት ያለበትን አቃጥሉ፣ ወይም ውሻ በማይደርስበት ጥልቀት ቅበሩ። አንድ ስንዝር ጭሮ አፈር መመለስ ቀብር አይባልም፣ ሌሊት ያወጣዋል። ከዚህ በፊት በልቶ ከሆነ ፕራዚኳንቴል ያለበት መድኃኒት ይሰጠው። ተራው የወስፋት ኪኒን ይህን አይገድለውም።

አንጋፋው፦ ታዲያ ውሻ ለበዓል አይብላ ነው የምትሉን?

መልስ፦ ይብላ። ግማሽ ሰዓት እየፈላ ይቀቀልለት። በጥሬው አይሰጠው ነው ያልኩት።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ዶክተር፣ አሁን ነው የገባሁት። መዥገር ምን ይሻለዋል?

መልስ፦ ከላይ ጎሮ ሰፈርን አንብብ። ጋዙን ዝለለው።