መልስ፦ በዓይኑ ያየ ሰው እንዴት ይታለላል?

ሰላም ወንድሜ። «ዜና ቢታፈንም፣ ሰው በዓይኑ ያየውን ማን ያስክደዋል?» ብለህ ጠይቀሃል። ማየት ብቻውን አይበቃም ባይ ነኝ።

እኛ ደሴዎች ለምሳሌ ሩቅ መሄድ የለብንም። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በረሃብ ሲያልቅ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር ተሰልፎ መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር። ያየ ሰው ሞልቷል። ጋዜጣውና ሬዲዮው ግን ጭጭ። እንዲህ ሲሆን ያየኸውን አትክድም። የምትጠራጠረው ሌላውን ሰው ነው። ብትናገር ከጎንህ የሚቆም ይኑር አይኑር አታውቅም። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብለህ ታልፋለህ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ረሃቡን በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ በእንቁጣጣሽ መሆኑ ነው፣ ለሕዝብ አቀረበው። በማግስቱ ጃንሆይ ወረዱ። የረሃቡ ምስል ውሸት አልነበረም። ቁጣው ወዴት እንደሚሄድ ግን ቀድሞ ተወስኗል። (ያው ደርግ መስከረም 1977 አሥረኛ ዓመቱን እስኪያከብር ድረስ የራሱን ዘመን ረሃብ ሸሽጓል!)

እና ቴሌግራም ላይ አንጀት የሚበላ ቪዲዮ ሲደርስህ «እውነት ነው ወይ?» ብለህ ብቻ አታቁም። ከምን ጋር ተቀጠለ? ለምን ዛሬ መጣ? ያየኸውን ደግሞ ለጎረቤትህ አውራ፤ ቡና ላይም ቢሆን።