ደንገጎን የለመደ እግር አልፕ ዱዌዝን ይችላል?

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት በብስክሌት እወጣለሁ። የፈረንሳዩ ትልቅ የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስ የሚወጣውን የአልፕ ዱዌዝ ተራራ እችለዋለሁ? (ከከዚራ)

መልስ፦ በደንብ ትችላለህ ወንድሜ! ዳገቱ 13.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ 21 ጥምዝ አለው፣ በአማካይ 8 በመቶ ገደማ ሽቅብ ይወጣል፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የሚፈጀው ግን መጀመሪያው ነው፤ ከሥሩ ከ10 በመቶ በላይ ሽቅብ ስለሚወጣ እዚያ ላይ ጉልበትህን ከጨረስክ የቀረውን መንገድ በስቃይ ነው የምትገፋው። ስለዚህ ቀለል ያለ ማርሽ ይኑርህ፣ የኋላው ትልቁ ማርሽ 34 ጥርስ ቢኖረው አሪፍ ነው። ደንገጎንም ቁጭ ብለህ፣ ትንፋሽህን ሳትጨርስ መውጣት ተለማመድ። የድሬ ፀሐይ ሳይከር፣ ማለዳ ውጣ። ስትወርድ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርገው፣ ዝም ብለህ ከያዝከው ይግላል። አይሱዙዎቹንም አደራ!