ቴሌግራም ላይ የሚመጣ ደረሰኝ፣ የእናቴ ቡናና የማይዘጋው ሂሳብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ቅጥር ስላላገኘሁ ቤት ሆኜ የጥቂት ነጋዴዎችን መዝገብ እይዛለሁ። ደረሰኛቸውን ፎቶ እያነሱ በቴሌግራም ይልኩልኛል፤ እኔ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ አስገባና ወር ሲያልቅ የቫት ሪፖርታቸውን አዘጋጃለሁ። ችግሬ ቁጭ ብሎ መሥራት አለመቻሌ ነው። ደረሰኝ ላወርድ ስልኬን አንስቼ ቲክቶክ ላይ እውላለሁ። እናቴ ደግሞ ቤት መዋሌን ከሥራ አትቆጥረውም፤ ጎረቤት ሲመጣ "ነይ ቡና ጠጪ"፣ ቡናው ሲያልቅ "እስኪ ሱቅ ደርሰሽ ነይ"። ተመልሼ ስቀመጥ የቱ ጋ እንደነበርኩ ይጠፋኛል፤ አንዱን ደረሰኝ ሁለቴ አስገብቼ ሚዛኑ አልመጣ ሲለኝ አመሻለሁ። ጓደኞቼ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ጣና ዳር ካፌ ሥሪ ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?
ም. ከሽምብጥ

መልስ፦ ልጄ፣ ከካፌው ልጀምር፤ አትሂጂ። ጣና ዳር የተቀመጠ ሰው ታንኳ ሲያልፍ ያያል፣ ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ ሲነሳ ያያል። የሚያውቅሽ ሰው ደግሞ መምጣቱ አይቀርም። የእኛ አገር ሰላምታ እንደሆነ "እንዴት ነሽ" ብሎ አይቆምም፤ እናት፣ አባት፣ አክስት፣ ያደረው ሁሉ ተራ በተራ ይጠየቃል። ሐይቁን ለማታ ተዪው።

እኔ በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ነበርኩ። ሰዎች ጸጥታ የሰፈነበት ቦታ ይመስላቸዋል። ወዲህ አንዱ ግሱን እየጮኸ ይወጣል፣ ወዲያ ሌላው ይዘምራል፤ ቁራሽ ፍለጋ መዞር አለ፣ የመንደር ውሻ አለ፣ ረሃብ አለ። ግን መምህራችን የዕለቱን ቅኔ ከነገሩን በኋላ ሁሉም ደበሎውን ተከናንቦ ወደየዛፉ ሥር ይበተናል፤ ቅኔ ሊቆጥር፣ ማለትም የራሱን ቅኔ ሊያዘጋጅ። ጀማሪው ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና፣ የበሰለው ስምንት ቤቱን መወድስ ይዞ ይቀመጣል። ያን ሁሉ ጫጫታ አልፈን እንድንቆጥር ያደረገን ነገራ የሚባለው ነበር። የቆጠርነውን መምህሩ ፊት ቀርበን እንናገራለን፣ እሳቸው ያርማሉ፣ ባዶውን የመጣ ጓደኞቹ እያዩት ያፍራል። (ያኔ ስልክ ቢኖር ኖሮ እኔ ከጉባኤ ቃና አላልፍም ነበር።)

አንቺን የጎደለሽ ነገራው ነው። ሪፖርት የምትጠየቂው በወር አንዴ ነው፤ ዛሬ ብትሰንፊ የሚያውቅብሽ የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ነጋዴ ቀን ስጪው፤ የቆርቆሮና ሚስማሩ ሰኞ፣ የጨርቁ ማክሰኞ እያልሽ። "በቀንህ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የሳምንቱ ግዢና ሽያጭ ተደምሮ ይደርስሃል" በይው፣ ላኪለትም። ነጋዴ ገንዘቡን የሚመለከት ነገር አይረሳም፤ 10 ሰዓት ካለፈ ራሱ ይደውልልሻል። ደረሰኝ የምትቀበይበትንም ሰዓት ቁረጪ። ከዋዜማው ማታ በኋላ የመጣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል፤ ለቀቅ የምታደርጊው ወር ማለቂያ ላይ ብቻ ነው። ቅር የሚለው ይኖራል፤ ይለምደዋል።

ይህ ከተስተካከለ ጠዋት ስልክ አያስፈልግሽም። ፎቶዎቹን ማታውኑ ወደ ላፕቶፕሽ አውርጂና ጠዋት ስልኩን እናትሽ ክፍል አስቀምጪው። ድምፁን አታጥፊ፤ የቸኮለ ሰው ይደውላል። "ድምፁን አጥፍቼ አጠገቤ ባስቀምጠውስ?" ትይኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ድምፁ የጠፋ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡ ሰዎች ሌላ ክፍል ከተዉት ይልቅ የአእምሮ ፈተና ላይ ዝቅ ያለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። በኋላ ሙከራውን ከደገሙት መካከል ያንኑ ውጤት ያላገኙም አሉ፤ ስለዚህ በዚህ አልምልልሽም። እኔ የምተማመነው በስንፍና ነው፤ ተነስቶ ሌላ ክፍል መሄድ ቲክቶክንም ቢሆን ያሰንፋል።

"የቱ ጋ እንደነበርኩ ይጠፋኛል" ያልሽው ግን ከሁሉም ይብሳል። ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ ሰው አንዱን ሥራ ሳይቋጭ ወደ ሌላ ሲዞር ከፊል ሐሳቡ ፊተኛው ላይ እንደሚቀር አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ከቴሬሳ ግሎምብ ጋር ሆና፣ ከመነሳት በፊት የት እንደደረሱና ሲመለሱ ምን እንደሚሠሩ በአጭሩ መጻፍ ይህንን እንደሚያቃልል ጽፋለች። እናትሽ ስትጠራሽ "መጣሁ" በይና ወረቀት ላይ "ጨርቅ፣ ግዢ፣ እስከዚህ ቁጥር ገብቷል፣ ቀጥሎ ይኸኛው" ብለሽ ጫሪ። የገባ ደረሰኝ ፎቶም ወዲያው "የገባ" ወደሚል ፎልደር ይዛወር። ሁለቴ ማስገባቱ በዚሁ ይቀራል።

ቡናውን በተመለከተ ከእናትሽ ጋር አትጣዪ። ቡና ላይ የማትቀመጥ ልጅ ኮራች ትባላለች፣ ወሬውም ከቡናው በላይ ያደክምሻል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሥሪ፤ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የባሕር ዳር ሙቀት ከረፋድ በኋላ ቁጥር አያስደምርም። ቡናው 4 ሰዓት ላይ ይፈላ። አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ሳትቸኩዪ ጠጪ፣ ሱቁንም ያኔውኑ ድረሺ፣ ከዚያ ተመለሺ።

እናትሽ ሥራሽን የማታየው ክፍያሽ በስልክ ገብቶ በስልክ ስለሚወጣ ይመስለኛል። ነጋዴዎቹ ሲከፍሉሽ የወሩን ቡናና ስኳር ራስሽ ገዝተሽ፣ በእጅሽ ይዘሽ ግቢ። ጎረቤቶቿን "ከ4 ሰዓት በፊት አትምጡ፣ ልጄ ሥራ ላይ ናት" የምትላቸው እሷው ትሆናለች።